የጅራቱ ሣጥን፦ የአውሮፕላን ሥራ ትዝታ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ

በመኖሪያ ግቢ ወይም በአነስተኛ ጋራዥ ውስጥ በግለሰብ እጅ የሚሠራ አውሮፕላን በሁለት መንገድ ይጀመራል። አንደኛው ከንድፍ መጀመር ሲሆን፣ ሠሪው ሥዕሉን ብቻ ይዞ እንጨቱን፣ ላሜራውን፣ ቱቦውንና ሞተሩን ከየገበያው እየለቀመ እያንዳንዱን ክፍል ከጥሬ ዕቃው የሚያወጣበት ነው። ሁለተኛው «ኪት» የሚባለው ሲሆን፣ ክፍሎቹ በፋብሪካ ተቆርጠው፣ ቅርጽ ይዘው፣ ቀዳዳቸው ተበስቶና ቁጥር ተሰጥቷቸው በሣጥን የሚላኩበት፣ ገዢውም መመሪያውን ገጽ በገጽ እየተከተለ የሚገጣጥምበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የገንዘብና የድካም ልዩነት ተደርጎ ይታሰባል፤ ነገሩን ከአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ የእጅ ሙያ ትዝታ ተነሥቶ ለሚመረምር ሰው ግን ልዩነቱ ከዚህ ይጠልቃል። ኪት የሌሎች ሰዎች ስሕተት፣ ሙከራና እርማት ታሽጎ የሚተላለፍበት ውርስ ነው፤ ከባዶ የሚነሣ ሰው ይህን ውርስ ስለማያገኝ ሌሎች ከፍለው የጨረሱትን ዋጋ እንደገና ከራሱ ኪስና ከራሱ ዕድሜ ይከፍላል። በኢትዮጵያ ምድር የተሠሩ አውሮፕላኖች ታሪክ አጭር ቢሆንም ደጋግሞ የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ የጀመሩት ሁሉ ከእነርሱ በፊት ማንም እንዳልጀመረ ሆነው ጀመሩ።

18 ማዞሪያ ከመርካቶ በስተምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኝ፣ የታክሲ ረዳቶች ስሙን እየጠሩ ሰው የሚሰበስቡበት መገናኛ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአካባቢው ያደገ ሰው ሰፈሩን የሚያስታውሰው ከሕንጻው ይልቅ በድምፁና በሽታው ነው፤ የብየዳው ፍንጣሪና ጭስ፣ የተላገ እንጨት ጠረን፣ ከዶርዜ ሸማኔዎች ጉድጓድ የሚሰማው የመወርወሪያ ምት፣ በክረምት በቆርቆሮ ክዳን ላይ የሚወርደው ዝናብ አብረው የሚታወሱ ናቸው። የዚያ ዘመን ልጆች መኪና የሚሠሩት ከሽቦ ነበር፤ ጎማው ካለቀ ነጠላ ጫማ ተቆርጦ ይወጣል፣ መሪው እስከ ወገብ የሚደርስ ረጅም ሽቦ ሆኖ ከፊተኛው ጎማ ጋር ይታሰራል፣ መኪናውን የሠራው ልጅም ሞተሩን በአፉ እያሰማ ሰፈር ለሰፈር ይነዳል። ከሽቦ መኪናው ቀጥሎ የሚሞከረው አውሮፕላን ነው፤ ከቆርቆሮ የተቀደደ ውልብልቢት በሚስማር አፍንጫው ላይ ይሰካና ልጁ ሲሮጥ ነፋሱ ያሽከረክረዋል። ይህ አውሮፕላን እንደማይበር ሠሪውም ተመልካቹም ያውቁት ነበር፤ ሆኖም ውልብልቢቱ በትክክል እንዲሽከረከር ሁለቱ ክንፎቹ እኩል መጠምዘዝ እንዳለባቸው የተረዳ ልጅ፣ ሳያውቀው የኤሮዳይናሚክስን፣ ማለትም አየር በሚንቀሳቀስ አካል ላይ የሚያሳድረውን ኃይል የሚያጠናውን ዕውቀት፣ የመጀመሪያ ትምህርት ወስዷል።

ሰፈሩ የእጅ ችሎታ አልጎደለውም፤ የጎደለው ምን እንደሆነ ለማየት የበር ሥራን መመልከት ይበቃል። ቱቦላሬ ቆርጦ በር የሚበይድ ባለሙያ የሥራውን ልክ የሚያገኘው ከቆመው ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ከተዛነፈ በሩም በልኩ እንዲዛነፍ ይደረጋል፣ ትንሽ የቀረውም በሞርሳና በመዶሻ ይስተካከላል። ይህ ድክመት ሳይሆን ከቤቱ ጋር የሚግባባ ሙያ ነው። አውሮፕላን ግን የሚጠጋበት ግድግዳ የለውም፤ የግራው ክንፍ የሚለካው በቀኙ፣ ሁለቱም የሚለኩት በአካሉ መካከለኛ መስመር፣ መስመሩም የሚለካው በሥዕሉ ነው። አንዱ ክንፍ ከሌላው በአንድ ዲግሪ ያህል ቀና ወይም ጎንበስ ብሎ ቢገጠም አውሮፕላኑ በበረራ ላይ ወደ አንድ ጎን ለመገልበጥ ያለማቋረጥ ይሞክራል፣ አብራሪውም መሪውን እስኪያርፍ ድረስ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ቱንቢና ውሃ ልክ በሰፈሩ እያንዳንዱ አናጺ ዘንድ ቢኖሩም፣ እነርሱ የሚፈርዱበት ሥዕል፣ የሥዕሉም ልክ ለምን ያ እንደሆነ የሚያስረዳው የሙከራ መዝገብ አልነበረም።

ስለ ኮልፌና ስለ በረራ ሲነሣ አንድ የጎን ወሬ ማለፍ ይከብዳል። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው በዚሁ በኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነበር፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን የሚያበረው ጥቁር ሰው መሆኑን አይቶ ለአፍታ እንደደነገጠ፣ ድንጋጤውም የአፓርታይድ ሥርዓት በራሱ አእምሮ ላይ ከጣለው አስተሳሰብ የመጣ መሆኑን ወዲያው እንደተረዳ በሕይወት ታሪክ መጽሐፉ ላይ ተርኳል። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው አየር መንገድ በዚያን ጊዜ ገና ሁለት ዐሥርት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ አብራሪ ማፍራት፣ ሞተር ፈትቶ መግጠም፣ አውሮፕላን መርምሮ ለበረራ ብቁ ነው ብሎ መፈረም ለኢትዮጵያውያን የሚቻል ሥራ መሆኑን ግን አሳይቷል። ይሁንና መጠገንና መሥራት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ጠጋኙ ክፍሉን ፋብሪካው ወደ ወሰነው ልክ ይመልሰዋል፤ ሠሪው ደግሞ ልኩን ራሱ ይወስናል፣ የወሰነበትንም ምክንያት ማወቅ አለበት። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሙያ ትምህርት ቤት፣ መዝገብና ተተኪ አገኘ፤ ሁለተኛው አላገኘም።

ሁለተኛው ሙያ ጨርሶ አልተሞከረም ማለት ግን አይደለም፤ እንዲያውም ከአየር መንገዱ ምሥረታ በፊት ተሞክሯል። ከ18 ማዞሪያ በቀለበት መንገዱ ወደ ደቡብ ሲኬድ፣ ጦር ኃይሎችን አልፎ የሚገኘው ሰፈር እስከ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት ይባላል፤ ቦሌ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ለጄት አውሮፕላኖች ተዘጋጅቶ እስኪተካው ድረስ የከተማይቱ በረራ የሚስተናገደው በዚያ፣ በልደታ ሜዳ ነበርና። አዲስ አበባ የራሷን አውሮፕላን የሠራችው ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማና መባቻ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አብራሪና መሐንዲስ የነበረው ጀርመናዊ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ረዳቶች ጋር አንዲት ባለሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን ገጣጠመ፤ አውሮፕላኗ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች፣ በ1928 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራትም በረረች። ልዕልት ፀሐይ ራሷ በስደት ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነቷ ስታርፍ፣ ስሟን የተሸከመችው አውሮፕላን በምርኮ ጣሊያን ነበረች።

የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ስለነበር «ፀሐይ» በአገሯ ሰማይ የኖረችው ዕድሜ በወራት የሚቆጠር ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ጣሊያን ተወስዳ ለብዙ ዘመን በብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ቆየች፤ ለኢትዮጵያ መመለሷም በጥር 2016 ዓ.ም. በይፋ ተነገረ። የአውሮፕላኗ መዘረፍ ሲወሳ በአብዛኛው የሚቆጨው ቅርሱ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ እይታ ግን ከቅርሱ የሚበልጠው ጉዳት ሌላ ነው። የሠሩት እጆች ተበተኑ፣ ሥራው በአገር ውስጥ በማስተማሪያነት አልቆየም፣ ከነፃነት በኋላ አውሮፕላን ልሥራ ብሎ የተነሣ ወጣት «የቀድሞዎቹ ይህን ክንፍ እንዴት አሰሩት?» ብሎ የሚጠይቀው ሰውም ሆነ የሚያየው ነገር አልነበረውም። ጦርነት ባይመጣ ኖሮ ሁለተኛ አውሮፕላን ይሠራ ነበር ብሎ መናገር ግምት ነው፤ የመጀመሪያዋ በአጠገብ ሳትኖር ግን ሁለተኛው ሠሪ ከእርሷ ምንም ሊማር አለመቻሉ ግምት አይደለም።

ለኪት ሐሳብ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የመጣው በደርግ ዘመን ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የእርሻ አቪዬሽን ክፍል፣ የአሜሪካው ሽዋይዘር ኩባንያ ያመርተው የነበረውን አግ-ካት የተባለ ጸረ ተባይ መድኃኒት የሚረጭ ባለሁለት ደርብ ክንፍ አውሮፕላን በፈቃድ ስምምነት በአዲስ አበባ መገጣጠም ጀመረ፤ ስሙንም «እሸት» አለው። አውሮፕላኑ ተርባይን ሞተር የተገጠመለት፣ ለጥጥና ለእህል ማሳ በዝቅታ የሚበር፣ መልኩ የማያምር ነገር ግን ጠንካራ የሥራ መሣሪያ ነው። «እሸት» በግቢ የተሠራ አይደለም፣ ሠሪዎቹም ደመወዝተኛ ባለሙያዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ክፍሎቹ ከውጭ መጥተው በመመሪያ መሠረት እዚህ መገጣጠማቸው በትክክል የኪት አሠራር ነው፣ ሥራው የተሳካውም የሌላውን አገር መዝገብ ሙሉ በሙሉ ስለተረከበ ነው። ሰፈርተኛው ስለዚህ አውሮፕላን የሰማው ጥቂት ነው። ከአየር መንገዱ አጥር ውጭ ለአንድ የኮልፌ ብየዳ ቤት የተረፈ ሙያ፣ በመሸታ ቤት የሚወራ ተረት እንኳ፣ አልነበረም።

በሌላው ዓለም ይህ ሙያ ከፋብሪካ አጥር ወጥቶ ወደ ግቢ የገባው በመጽሐፍ በኩል ነው። አንሪ ሚኜ የተባለ ራሱን በራሱ ያስተማረ ፈረንሳዊ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1933 «የሰማይ ቅማል» የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጣትን ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ አበረረ፣ በዓመቱም ማንም ሣጥን መሥራት የሚችል ሰው እንዲሠራት አሠራሯን በመጽሐፍ አወጣው። በመላው አውሮፓ ብዙ ሰዎች ሠሯት፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሰዎች መሞት ጀመሩ። ፊትና ኋላ የተደረደሩት ሁለት ክንፎች እጅግ ሲቀራረቡ አንዱ የሌላውን አየር እንደሚያውክ፣ አውሮፕላኗም አፍንጫዋን ወደ ታች ከደፋች በኋላ ለመቃናት እንደምትቸገር በነፋስ መተላለፊያ ሙከራ፣ ማለትም አየር በሰው ሠራሽ ኃይል በሚነፍስበት ዋሻ ውስጥ በተደረገ ምርመራ፣ ታወቀ፤ እገዳም ተጣለ። ይህ ታሪክ ለአማተር ሠሪዎች ውርደት ተደርጎ ሊነገር ይችላል፤ የዚህ ጽሑፍ ፍርድ ግን የተለየ ነው። ስሕተቱ በሰው ሕይወት ቢገዛም ተመዝግቧል፣ የተመዘገበውም ቀጥሎ የመጣው ሠሪ እንዳይደግመው አድርጓል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ የመመዝገብ ልማድ ማኅበር አገኘ። ፖል ፖበረዝኒ እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የሙከራ አውሮፕላን ሠሪዎችን ማኅበር ሲመሠርት አባላቱ ንድፍ፣ መሣሪያና ምክር የሚለዋወጡበት፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ላሜራው ከመዘጋቱ በፊት የሚመረምርበት ሥርዓት ተፈጠረ። ሕጉም አብሮ ተራመደ፤ በዚያ አገር ደንብ መሠረት አንድ አውሮፕላን በአማተር የተሠራ ተብሎ የሚመዘገበው ከሥራው ከግማሽ በላይ የሆነውን ባለቤቱ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ሲል ራሱ ከሠራው ብቻ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን የጀመረው የአርቪ አውሮፕላኖች ኪት በዚህ ደንብ ጥላ ሥር አድጎ ዛሬ ከ11 ሺህ በላይ የሚሆኑት በሠሪዎቻቸው እጅ አልቀው በርረዋል።

አንድ ኪት የሚጀመርበት ሥነ ሥርዓት ለታሪኩ አስፈላጊ ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። ሣጥኖቹ በአንድ ጊዜ አይታዘዙም፤ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች መጀመሪያ የሚያዝዙት የጅራቱን ሣጥን ነው። ጅራት የሚባለው አውሮፕላኑን ከኋላ ሚዛን የሚያስይዘው ክፍል ሲሆን፣ አፍንጫውን ቀና ወይም ደፋ የሚያደርገውን አግድም ገጽና ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረውን ቋሚ ገጽ ይይዛል። ከሁሉም ሣጥኖች ርካሹ ይህ ነው፤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፣ ክንፉና አካሉ የሚጠይቁትንም ሙያ ሁሉ በትንሹ ያስተምራል። ሠሪው የላሜራውን ጠርዝ በእጅ እያሸ ሹል ፍርፋሪውን ያነሣል፤ ምክንያቱም በጠርዝ ላይ የቀረ ጭረት በበረራ ንዝረት ውስጥ ቀስ በቀስ ስንጥቅ ይሆናል። ሁለቱን ላሜራዎች ክሊኮ በተባለች ጸደይ ባላት ጊዜያዊ ማያያዣ ይጠረንፋል፣ ልኩን ደግሞ ያያል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በሪቬት፣ ማለትም ሁለት ላሜራ አሳልፎ ጫፉ በሚቀጠቀጥ የአሉሚኒየም ምስማር፣ ለዘለቄታው ያሠራል። ከሪቬቱ መሐል እስከ ላሜራው ጠርዝ ያለው ርቀት ከሪቬቱ ስፋት ሁለት እጥፍ ካነሰ ላሜራው ሊቀደድ ስለሚችል ያ ክፍል ይጣላል። ርካሽ የሆነው የጅራት ክፍል የሚጣልበት ጊዜ የሚያሳዝን አይደለም፤ ሠሪው በዚህ ሥራ ዓመታት መቆየት ይችል እንደሆነ ገንዘቡን ሁሉ ሳያፈስ የሚያውቀው እዚህ ላይ ነው። በርካታ ሰዎች ከጅራቱ አያልፉም፣ አለማለፋቸውንም እንደ ጥበብ ይቆጥሩታል።

መመሪያ በደንብ ሲጻፍ ሥራውን ምን ያህል እንደሚያሳጥር ለማየት የደቡብ አፍሪካ ወጣቶችን ሥራ ማንሣት ይቻላል። በ2011 ዓ.ም. 20 የሚሆኑ ታዳጊዎች ስሊንግ የተባለውን ባለአራት መቀመጫ ኪት በሦስት ሳምንት ውስጥ ገጣጥመው፣ ከመካከላቸው የበረራ ፈቃድ ያላቸው ከኬፕታውን ተነሥተው እስከ ካይሮ አበረሩት። እነዚህ ልጆች ከኮልፌ ልጆች በእጅ አይበልጡም ነበር፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ክፍል ሁሉ ግን ቀድሞ ተፈትኖ የመጣ ነው፣ የሚያስተካክላቸውም ባለሙያ በአጠገባቸው ነበር።

ከዚህ ጎን የኢትዮጵያዊውን የአስመላሽ ዘፈሩን ሥራ ማስቀመጥ ሚዛኑን ያሳያል። አስመላሽ ዩኒቨርሲቲ የተማረው የሕብረተሰብ ጤና ነው፤ አብራሪ ለመሆን ፈልጎ፣ እንደተዘገበው፣ ከተጠየቀው ቁመት በ1 ሴንቲ ሜትር በማነሱ የሥልጠናው በር ተዘጋበት፣ እርሱም አውሮፕላኑን ራሱ ሊሠራ ወሰነ። ዕውቀቱን ያገኘው ከአቪዬሽን መጻሕፍትና ከዩቲዩብ ቪዲዮዎች፣ ዕቃውን ደግሞ በአብዛኛው ከመርካቶ ነው። ለሞተር ያገለገለ የቮልስዋገን ቢትል ሞተር፣ ለጎማ የሱዙኪ ሞተር ብስክሌት ጎማ ተጠቀመ፤ ከ160 ሺህ ብር በላይ ወጪም አደረገ። ለአውሮፕላኑ የሰጠው ስም ኬ-570ኤ ሲሆን፣ ፊደሉ ከእናቱ ስም የመጀመሪያ ድምፅ፣ ቁጥሩ ሥራው ከወሰደው የቀን ብዛት የመጣ ነው። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ በሰንዳፋ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ በሞተሩ አካባቢ በደረሰ ብልሽት ሳይሳካ ቀረ። ያን ቀን በዜና የተከታተለው ሕዝብ ስሜት ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ግማሹ ደፋርነቱን አደነቀ፣ ግማሹ ሳቀ። ሁለቱም ወገን ያላየው ነገር ቢኖር ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ነው፦ አንድ ሰው ብቻውን የጅራቱን፣ የክንፉን፣ የሞተሩንና የውልብልቢቱን ችግር በአንድ ጊዜ እንዲፈታ ያስገደደው ምንድን ነው?

የሞተሩ ምርጫ በራሱ እንግዳ አይደለም። የቢትል ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተርና ውሃ የማይፈልግ፣ ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ የተጋደሙ በመሆኑ በአውሮፓም በአሜሪካም ብዙ አማተር ሠሪዎች ለዐሥርት ዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እነዚያ ሠሪዎች ግን በአብዛኛው የሚበሩት ከባሕር ወለል ብዙ በማይርቅ ምድር ላይ ነው። ሰንዳፋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው የአየር ክብደት፣ በባሕር ወለል ካለው 78 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር ስለሚሳሳ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሰየመው ሞተር ወደ 30 ይወርዳል፤ ክንፉ ተመሳሳይ ክብደት ለማንሣት 13 ከመቶ ያህል የሚበልጥ ፍጥነት ይጠይቃል፤ ውልብልቢቱም የሚገፋው አየር ቀጭን ስለሆነ ግፊቱ ይቀንሳል። ሦስቱ በአንድ ላይ ሲደመሩ መንደርደሪያው እጅግ ይረዝማል፣ ፀሐይዋ በበረታችበት ቀትርማ ይበልጥ ይረዝማል። በሆላንድ ሜዳ ዘና ብሎ የሚነሣ አውሮፕላን በአዲስ አበባ ዙሪያ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። ይህን ስሌት በአማርኛ ጽፎ፣ ለ40፣ ለ65 እና ለ100 የፈረስ ጉልበት ሞተር ምን ያህል ሜዳ እንደሚያስፈልግ በሠንጠረዥ አስቀምጦ ለሠሪው የሚሰጥ አካል ቢኖር ኖሮ ከ570ው ቀናት አንዳንዶቹ ይተርፉ ነበር።

ስለ ዕቃው ደግሞ መርካቶን ሳይበድሉ መናገር ያስፈልጋል። ሶማሌ ተራ የማይገኝ የመኪና ክፍል፣ ምናለሽ ተራም ዳግም ሕይወት የማያገኝ ብረት የለም ሲባል ማጋነን ብቻ አይደለም። ለመስኮትና ለበር የሚሸጠው አሉሚኒየም ግን ለአውሮፕላን ላሜራ አይሆንም፤ ለአውሮፕላን የሚውለው 2024 የተባለው ቅይጥ መዳብ የተጨመረበትና በሙቀት ሕክምና የጠነከረ ሲሆን፣ ለስላሳውና ያልተቀየጠው አሉሚኒየም ጥንካሬው ከእርሱ ሲሦ አይሞላም፤ በዓይን ሲታዩ ግን አንድ ናቸው። የብሎኑ ነገር ከዚህም ይረቅቃል። በጥንካሬ ቁጥር ብቻ ከሆነ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ጥሩ የመኪና ብሎን ከተለመደው የአውሮፕላን ብሎን ብዙም አያንስም። ልዩነቱ የአውሮፕላኑ ብሎን ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣና በምን መለኪያ እንደተፈተነ የሚናገር ወረቀት ያለው መሆኑ ነው፤ የገበያው ብሎን ግን በላዩ የተጻፈውን ቁጥር የጻፈው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ክንፉን ከአካሉ ጋር የሚያገናኙት ብሎኖች ጥቂት ናቸው፤ የሰው ሕይወት በእነርሱ ስለሚንጠለጠል ጥንካሬያቸው ከመታመኑ በፊት ዘራቸው ይጠየቃል።

ዛሬ ከ18 ማዞሪያ አካባቢ አንድ ሰው የጅራት ሣጥን ልጀምር ቢል የሚገጥመው ፈተና ከዋጋውና ከጉምሩኩ ይጀምራል፤ ከዚያም ወደ ቦታው ይመጣል። በኮንዶሚኒየም መኖሪያ ውስጥ ጅራት ይሠራ ይሆናል፣ ክንፍ ግን አይሠራም፤ እያንዳንዱ ክንፍ ከሦስት ሜትር የሚበልጥ ስለሆነ በደረጃው ላይ አይዞርም። የቀበሌ ቤት ግቢ ይበልጥ ይመቻል፣ በክረምት ግን እርጥበቱ የእንጨቱን ልክ ይለውጣል፣ ለማጣበቂያ ኮላውም አይበጅም። ማታ ሲሠራ ሪቬት የሚመታበት ድምፅ ጎረቤት ያስነሣል። ከሁሉም በላይ ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ማነጋገር ያሻል፤ ክፍሎቹ ሳይዘጉ ያልታየ አውሮፕላን በኋላ ሊፈቀድ የሚችለው ፈርሶ ከታየ ብቻ ነውና። ይህ ሁሉ የሚያስፈራ ይመስላል፤ ከሞተሩና ከውልብልቢቱ አንጻር ሲታይ ግን በሰው ምክር የሚፈታ ነው፣ መካሪው ከተገኘ።

«ፀሐይ» በዚህ ረገድ የምትሰጠው ጥቅም ገና አልተነካም። በአዲስ አበባ የተሠራች፣ በዚህ ከፍታ የበረረች አውሮፕላን ናት፤ የክንፏ ቅስት፣ የእያንዳንዱ ዘንግ ውፍረት፣ መገጣጠሚያዎቹ የተያያዙበት ዘዴ በላይዋ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለቱሪስት ከመታየቷ ጎን ለጎን ክፍል በክፍል ተለክታ ሥዕሏ በአማርኛ ማብራሪያ ቢወጣ፣ ኮልፌ ያለ አናጺም ሆነ ሰንዳፋ ላይ የሞከረው ዓይነት ሰው የሚነሣበት የአገር ውስጥ ንድፍ ያገኛል። ለልኬቱ የሚያስፈልጉት ካሊፐር፣ ሜትር፣ ቱንቢ፣ የቴክኒክ ሥዕል የተማሩ ጥቂት ተማሪዎችና የጠባቂው ተቋም ፈቃድ ናቸው።